ሚስቱን ከገጹ የሰረዘ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፣ ሚስቱ የሞተችበት። ስንዱ፣ «ልጄ መልእክቴን የማትመልሰው ምን ክፉ ቃል ጽፌላት ይሆን?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው የማወራልሽ።

ይህ ሰው የሚስቱ ሙት ዓመት ሳይደርስ፣ በየአገሩ የተበተነው ዘመድ የሚያነበው የኢንተርኔት ገጽ ሊሠራላት ተነሣ። ጡረታ የወጣ ታይፒስት ነውና መጻፉ አላቃተውም፤ ገጽ የሚሰናዳበትንም ፕሮግራም ለመደ። አሳሳቋን ጻፈ። ሲያኮርፍ እንዴት እንደምታባብለው ጻፈ። ወጥ አሳርራ «ማረሩ አይደለም፣ መብሰሉ ነው» እያለች የምታበላውን እንኳ አልተወም። ከዚያ ላክ የሚለውን ሲጫን ሰርቨሩ፣ ማለት ገጹን የሚያኖረው ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር፣ «ስሕተት አለ» ብሎ መለሰበት። የምን ስሕተት እንደሆነ አይናገርም።

ሰውየው ጥፋቱን ወደ ራሱ ወሰደ። ስላረረው ወጥ የጻፈውን ሰርዞ ላከ። ስሕተት አለ። ሳቋን ሰርዞ ላከ። ያው ነው። ጎረቤቶቹ ሰርቨሩን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ደውል ቢሉት «ምን ብዬ ሰው አስቸግራለሁ» ይላል። ይሉኝታው እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ አንቆ ይዞታል። ለሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ሲቀር ገጹ ላይ ስሟና የሞተችበት ቀን ብቻ ቀሩ፣ እንደ መቃብር ድንጋይ። ያን አይቶ አለቀሰ፤ አልቅሶም ስልኩን አንሥቶ ደወለላቸው።

ያነጋገረችው ሴት ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ገልጣ አየች።

«አባባ፣ ጽሑፍዎ ምንም የለበትም» አለችው። «እኛ ጋ ቦታው ሞልቶ፣ የሚቀበልበት አጥቶ ነው። ብንጠየቅ ኖሮ በዚያኑ ቀን እናስለቅቀው ነበር።»

የሰረዘውን ነገራት። ፕሮግራሙ የቀደመውን ጽሑፍ ሁሉ ግልባጭ እንደሚያስቀምጥ ነግራ፣ የትኛውን መመለስ እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

«የመጀመሪያውን» አላት። «ሙሉዋን።»

አየሽ ስንዱ፣ አንቺም ለልጅሽ የምትልኪው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ዛሬ «ደኅና ነሽ?» ብቻ ሆኗል። በትከሻሽ በኩል አይቻለሁ፣ አልዋሽም። እሷ ልብ ውስጥ ምን እንደሞላ ሳታውቂ የራስሽን ቃል ምን አስቆረጠሽ? ነገ ተሳፍረሽ ሂጂና ደጇን አንኳኪ። «ምን ሆነሽብኝ ነው?» በያት፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። ቁልፉን ለእኔ ስጪኝ፣ ቤትሽን አይልሻለሁ።