የተበሳው የአሜሪካ ወርቅ

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ የጥንት ሳንቲም እየሰበሰቡ የሚሸጡ አቶ ስንሻው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሁሉንም ይሸጣሉ፤ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈውን፣ ንስር የተቀረጸበትን የአሜሪካ ወርቅ ሳንቲም ግን በምንም ዋጋ አይሸጡም። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ደምሰው፣ ይርዳውና ትርንጎ። ትርንጎ ሴት ናት፣ ያውም ባል ያገባች፤ ስለዚህ የወርቁ ወሬ ሲነሳ የሚጠይቃት የለም። እሷ ደግሞ ሳትጠየቅ መናገር ትወዳለች።

አንድ ቀን ሌቦች ሱቁን ሰብረው ገቡ። ሱቁን ይጠብቅ የነበረው ደምሰው ወርቁን አፉ ውስጥ ከቶ ዋጠው። ደበደቡት፣ ሁለት ጥርሱን አረገፉት፤ ትንፍሽ አላለም። በሦስተኛው ቀን ወርቁ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አትጠይቁኝ!

የልጆቹ እናት ግን ተጸየፉት፤ ይጽዳ ብለው ለአንጥረኛ ሰጡት። በዚህ ንግድ ደግሞ የድሮ ወርቅ ከተወለወለ አለቀለት፤ ዕድፉ ነው የዕድሜው ምስክር። ይርዳው ሲሰማ ሮጦ፣ አንጥረኛው አሲድ ውስጥ ሊጥለው ሲል ከአየር ላይ ቀለበው። የአሲዱ ዕቃ ተገልብጦ ጣቶቹን በላቸው፤ ወርቁ ተረፈ።

ኋላ አቶ ስንሻው አልጋ ላይ ዋሉ። ይህን የሰማ አንድ ባለጊዜ ሳንቲም ሰብሳቢ ሁለት ጉልበተኞች አስከትሎ መጣና፣ በዳቦ መግዣ ዋጋ ወርቁን ካልወሰድኩ አለ። ወንድማማቾቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ጥርስና ጣት ከፍለዋልና አይፈረድባቸውም። የትርንጎ ደም ግን ፈላ። ወርቁን ከአባቷ ትራስ ሥር አወጣችና የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ መሐሉን በምስማር በሳችው።

«አሁን ውሰደው» አለችው።

የተበሳ ሳንቲም ለሰብሳቢ ምን ይሠራለታል? ሰውየው እየተራገመ ወጣ። አቶ ስንሻው እስኪያስላቸው ሳቁ። በማግስቱም፣ «ወርቁ ላተረፈልኝ ልጅ ነው» ብለው፣ ስም ሳይጠሩ አረፉ።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ደምሰው የጎደለ ጥርሱን አሳየ። ይርዳው የተቃጠለ እጁን ዘረጋና፣ እሷ ወርቁን አተረፈችው ወይስ ገደለችው ብሎ ጠየቀ።

ትርንጎ ወርቁን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አስራው ነበር።

«አባቴ አልሸጥም ያለውን እኔ የማይሸጥ አደረግኩት» አለች። «ክሩን የሚበጥስ ካለ ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም፤ የፈረደላትም የለም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ወርቁ የማን ነው? ደፍራችሁ ክሩን ብትፈቱት፣ በማን አንገት ታስሩት ነበር?