የግራዝማች ደምለው ማድ ቤት

ይህን አባባል በየሰበቡ ትወረውሩታላችሁ እንጂ ከየት እንደመጣ አንዳችሁም ጠይቃችሁ አታውቁም። እኔ የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ውሸት ከሆነ ኃጢአቱ በነገረኝ ላይ ነው።

ግራዝማች ደምለው የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። አንድያ ልጃቸው ዘርፌ ልትዳር ሦስት ወር ሲቀራት፣ አሮጌው ማድ ቤት ለሠርግ አይመጥንም አሉ። ጥላሸት ይብዛበት እንጂ አንድም ቀን ዝናብ አሳልፎ የማያውቅ ቤት ነበር። በማግስቱ አስፈረሱት። አዲሱ ገና በሐሳብ ነው፤ ማፍረሱ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በግማሽ ቀን ተጠናቀቀ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ሁለት ጆንያ በርበሬ አስገዝተው ጨንቋቸዋል። የአምናው ተሟጧል።

«ግራዝማች፣ በርበሬው ይጀመር እንጂ። መቀንጠሱ፣ መደለዙ፣ ማድረቁ፣ መፍጨቱ ስንት ሳምንት ይፈጃል!»

«የት ልታዘጋጂው ነው? ፍርስራሽ ላይ?»

«ደጅ፣ ዛፉ ሥር።»

«እኔ ማድ ቤት እየሠራሁልሽ ደጅ? እንጀራውንም ጠላውንም ዘመድ ያሰናዳ፤ የደምለው በርበሬ ግን ከደምለው ማድ ቤት ነው የሚወጣው። ብያለሁ!»

ካሉ አሉ ነው። በዚያ ቤት ሁለተኛ ቃል የለም።

ሥራው ታዲያ ገሰገሰ! በመጀመሪያው ወር በሩ ወደ ምሥራቅ ተተከለ። ጭሱ እልፍኝ ይገባል ተባለና ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ዞረ። ደግሞ አንድ መንገደኛ «በረከት በምሥራቅ ነው» ቢላቸው እንደገና ተመለሰ። አናጺው ጠላውን እየገለበጠ «ጌታዬ፣ እንደርስዎ ያለ አሳቢ ሰው አይቼ አላውቅም» ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ እንዲህ የሚቀልበው ከየት ያገኛል?

ጎረቤት «ማድ ቤቱ እንዴት ሆነ?» ሲላቸው ግራዝማች ደረታቸውን ነፋ አድርገው «አለቀ በሉት! የቀረው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው» ይላሉ።

ሦስት ሳምንት ሲቀር ወይዘሮ አትጠገብ በርበሬውን በአህያ ጭነው ወደ እህታቸው ቤት ላኩት። ግራዝማች ሰምተው ከመንገድ አስመለሱት።

«እንግዲህ ልጄን በአልጫ ልድራት ነው?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ እንባቸው እየወረደ። «ነገ አማቶቿ ‹እናቷ ሙያ የላትም› ሲሏት የምትሳቀቀው እኮ እሷ ናት!»

«አይዞሽ፣ ይደርሳል።»

የሠርጉ ዕለት ደረሰ። ግድግዳው ቆሟል፤ ጭቃው ግን ገና ይንጠባጠባል። ረፋድ ላይ ከወንዙ ማዶ ዘፈን ተሰማ። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ፣ መቶ የሚሆን አጃቢ። ግራዝማች ግድግዳውን አዩ፣ ጆንያውን አዩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ እንደ ጦር አዛዥ ጮኹ፦

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? በርበሬውን አውጡት! ቀንጥሱ!»

ሴቱ ሁሉ የክት ቀሚሱን እንደለበሰ ግቢው መሐል ተቀመጠ። ሠርገኛው እየጨፈረ ሲገባ በእልልታ የሚቀበለው ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ወይዘሮ አትጠገብ አማቻቸውን ለመሳም ተነሡና በርበሬ የነካውን እጃቸውን ቢያዩ፣ እዚያው በቁማቸው አለቀሱ። እንግዶቹም እየሳሉ አልጫ በሉ። ዘርፌ አንገቷን እንደደፋች በበቅሎ ተጭና ሄደች።

የሙሽራው አገር ሲደርሱ ቤት የቀሩት ሰዎች ከበቧቸው። «እንዴት ያለ ድግስ ነበር? ምን አበሏችሁ?» አሉ።

የሙሽራው አያት አለቃ ቢምረው ጭነው የመጡትን ሙሽራ አይተው ሊዋሹላት ፈለጉ፤ ጉሮሯቸው ግን ገና እየበላቸው ነበርና ሳል ቀደማቸው። ሳሉ ሲለቃቸው እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷንስ እናቷንስ አትንኩብኝ፤ የአባትየው ደንብ ግን ‹ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ› ነው።»