በደቦ የተዛወረ በር

አህያዬ ትሙት፣ አታምነኝም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ በእሷ የምምለው ነገሩ እውነት ቢሆን ነው። አንተ ስልክ ውስጥ የሚገባ አፕ ሠሪ ነህ። ካደጉ በኋላ ዓይናቸው ለጠፋ፣ እጃቸው በአደጋ ለተቆረጠ ሰዎች የሐኪም መጥሪያውን እንደ አዲስ አሳምሬ ሠራሁላቸው አልከኝ። «ዓይኔን አስሬ ሞክሬዋለሁ፤ ስጠይቃቸውም ‹ተመቸን፣ ተባረክ› ይሉኛል፤ ጭንቅ ሲመጣባቸው ግን መጥራት ያቅታቸዋል። ምን አጠፋሁ?» አልክ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለ ስልክ የማውቀው ሲጮህ ብቻ ነው። ስለ ቤት ልንገርህ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ጎጆውን ሲቀልስ ማገሩን ያሰረ፣ ጭቃውን ያቦካ፣ በሩን የገጠመ ራሱ ነው። በጎልማሳነቱ በሽታ መጣና ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋበት። አለቀሰ። እንባውን ያጠራቀመለት ቢገኝ የውሃ ወፍጮ ባዞረ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ከመደቡ ወረደ፤ ምሰሶውን በግራ ትከሻው ታከከ፤ ጋኑን ሳይነካ አለፈ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ። ማንም አልመራውም። ዓይኑ ቢጠፋም ቤቱ እግሩ ውስጥ ነበረ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ፊቱን ስትመታው ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው ሚስቱ።

«ከበሽታው የተረፈ ነገር አገኘሁ» አላት።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ብቻውን ይወጣል። እጁን ሊይዝ የመጣውን ሁሉ «ስሞት ትሸከመኛለህ፤ እስከዚያ እረፍ» ይለዋል። ከቀረው ሀብት ሁሉ የሚሳሳላት ለዚህች በራሱ እግር መውጣት ነበር።

መንደሩ ግን አዘነለት። በዚያ አገር ሰው ከሚያዝንልህ ጅብ ቢከብህ ይሻላል፤ ጅቡስ ሲነጋ ይሄዳል። ባልና ሚስት ጠበል ሊጠመቁ በሄዱበት የመንደሩ ሽማግሌ ሰዉን ሰበሰበና «ይህ የዓይነ ስውር ቤት ነው እንዴ? በሩ ጠባብ፣ ደፉ ከፍ ያለ፣ ፊቱ ወደ ገደል! ስንት ጎልማሳ እያለ እንዴት ዝም ይባላል?» አለ።

ደቦ ወጡ። ሲያቅራሩ ተራራው ጆሮውን ያዘ፤ የጠጡት ጠላ ደረቅ ወንዝ ይሞላል። የድሮውን በር በድንጋይና በጭቃ ደፈኑት። በመንገዱ በኩል በሬ ከነቀንበሩ የሚያስገባ ሰፊ በር ከፈቱ። መደቡን አፍርሰው ወዲያ ማዶ ሠሩት። ከመደቡ እስከ አዲሱ በር ድረስ እየያዘ እንዲሄድ ለስላሳ ገመድ ወጠሩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ዓይኑን በራሱ ሚስት ሻሽ አሳሰረና ገመዱን ይዞ ሽው ብሎ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። «ይኸው! ሕፃን ይወጣበታል» አለና ሻሹን ፈታ።

ሰውየው ከጠበል ተመለሰ። ሚስቱ የተደፈነውን በር ከሩቅ አይታ ባለችበት ቆመች። እሱ ምን ያውቃል፣ እንደ ልማዱ ሄደና በግንባሩ ግድግዳውን መታው። ሳቁበት፤ በፍቅር ነው የሳቁበት። እጁን ይዘው አዙረው አስገቡት፤ ገመዱን አስጨበጡት። ከዚያም ተደርድረው ተቀመጡ። የደቦ ሥራ አይነቀፍማ! ባለቤት ይመርቃል፣ የሠራ አሜን ይላል፤ ሌላ ቃል የለም።

«ተመቸህ ወይ?» አለው ሽማግሌው።

ሰውየው ገመዱን በጣቱ ዳበሰ። በልቡ ውስጥ የድሮው ቤቱ እንደ ቆመ ነው፤ እነሱ ያፈረሱት የውጭውን ብቻ ነበር። በሩ የት እንዳለ ያውቃል፤ በሩ ግን እዚያ የለም። ላቡን ጠረገና «ተመችቶኛል። ክፉ አይንካችሁ፣ ቤታችሁ ይሙቅ» አለ። «አሜን» ሲሉ ዋርካው ቅጠሉን አራገፈ።

ሚስቱ «ለምን አትነግራቸውም?» አለችው።

«ምን ብዬ? ቤት ለሠሩልኝ ሰዎች ‹ቤቴን መልሱልኝ› ልበል?»

ቀስ በቀስ ገመዱን ተማረ። እያዘገመ፣ እየዳበሰ ይወጣል። መንደሩ ባየው ቁጥር በራሱ ሥራ ደስ ይለዋል።

አንድ የገበያ ቀን ሚስቱም መንደሩም ገበያ ሳሉ ከጎረቤት ጭድ እሳት ተነሣ፤ ነፋሱ አንሥቶ ክዳኑ ላይ ጣለው። ሰውየው ጭሱ ሲያፍነው ከመደቡ ዘለለ። ሰው ሲረጋጋ በተማረው ይሄዳል፤ ሲደነግጥ በለመደው ይሮጣል። ገመዱ ጆሮው ሥር ተወጥሮ ነበር፤ አልያዘውም። ምሰሶውን በትከሻው ገጭቶ አለፈና ወደ በሩ ሮጠ፤ ራሱ ወደ ገጠመው በር።

ከገበያ ሮጠው ሲደርሱ አዲሱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሰውየው ግን በድፍኑ ግድግዳ ሥር ወድቋል። ጭቃውን በጥፍሩ ቆፍሮ ቆፍሮ ድንጋዩ ጋ ደርሶ ነበር። እዚህ ላይ የምቀጥለው ቀልድ የለኝም።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ያ ቤት የአንተ ሥራ ነው፤ ደቦኛውም አንተ ነህ። ዓይኑ በኋላ የጠፋ ሰው ባዶ እጁን አይመጣልህም፤ የሚያውቀውን ዓለም ይዞ ነው የጨለመበት። እጁ የተቆረጠውም እንዲሁ፤ የተረፈው እጁ መንገዱን አይረሳም። አንተ ዓይንህን በሻሽ አስረህ ሞከርከው፤ ሻሹ ሲፈታ ብርሃንህ ይመለስልሃል፣ የእሱ አይመለስም። ደግሞ ምርቃት ለመቀበል ተቀምጠህ «ተመቸህ ወይ?» አልከው። ማን ደፍሮ ይንቀፍህ? አዲስ በር መክፈትህ አይደለም ጥፋትህ። ምን እንደተረፈለት ሳትጠይቀው የድሮውን መድፈንህ ነው።

ካላመንከኝ የለቅሶውን ልንገርህ። ሽማግሌው በድንኳኑ መሃል ተነሥቶ «እንግዲህ እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደው፤ ምን ይደረጋል» ሲል፣ አንገቷን ደፍታ የነበረችው ሚስቱ ቀና አለችና፦

«እግዜር የወሰደው ዓይኑን ነው፤ በሩን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ» አለችው።