የፊታውራሪው አወዳደቅ በጨዋ ቋንቋ

ፊታውራሪ ይመኑ የሚባሉ ኩሩ አገረ ገዥ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከበቅሏቸው ወድቀው ጭቃ ውስጥ በአፍጢማቸው ተደፉ። ወሬው የበላያቸው ደጃዝማች ዘንድ ስለ ደረሰ «የሆነውን ሳትደብቅ ጽፈህ ላክልኝ» የሚል ትእዛዝ መጣባቸው።

ፊታውራሪውም ደብዳቤ በመጻፍ የሚተዳደር አንድ ምላሱ ስል ደብተራ አስጠሩ።

«ስማ» አሉት አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፍነው። «ውሸት ከጻፍክ ደጃዝማች ይሽሩኛል። ‹ወደቀ› ብለህ ከጻፍክ ደግሞ እኔ አንተን አስገርፍሃለሁ። ያማረ ቃል ፈልግ!»

ደብተራው አለንጋ ይዞ የቆመውን አሽከር ገልመጥ አደረገና ብዕሩን አነሣ። «በቅሎዋ ቀድማ ሄደች፤ ጌታዬም ወደ ኋላ ቀሩ» ብሎ ጻፈ።

ፊታውራሪው ደስ አላቸው። «መልካም! በጭቃው መደፋቴንስ?»

«መሬት ተሳለሙ እላለሁ።»

«ግሩም! ገበያተኛው መሳቁንስ ምን ልትለው ነው?»

«ሕዝቡ ጌታዬን አይቶ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም እላለሁ።»

ይህንንም ወደዱት። ከዚያ ግን አሽከሩ እንዳያይ ፊታቸውን መለስ፣ ኩታቸውን ገለጥ አድርገው ባዶውን ድዳቸውን አሳዩት።

«እነዚህ የወለቁት ሁለት ጥርሶቼስ?»

«እሱማ ቀላል ነው፣ ጌታዬ። የመሬት ግብር ከፈሉ እላለሁ» አለ ደብተራው። «እኛ ባላገሮቹ ዕድሜ ልካችንን ስንከፍል ስለ ኖርን ለምደነዋል። እርስዎ ግን ገና መጀመሪያዎ ስለሆነ ትንሽ ያምዎታል።»