ማን ነገራችሁ?

አንድ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ወንበር ያላት ጠባብ ቤት ነበረችው። እውነተኛ ስሙን ልተወውና ጋሽ ዘርጋ እንበለው፤ ዘመዶቹ እዚህም ሊኖሩ ይችላሉ።

ጋሽ ዘርጋ ወሬ ይወድ ነበር። ጸጉር አስተካካይ ሆኖ ወሬ የማይወድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማን ታጨ፣ ማን ቤቱን ሸጠ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ ይወራል። ክፉ ነው የሚለው ሰው አልነበረም። ብቻ "የዘርጋ ሆድ ወሬ አይቋጥርም" ይሉታል፤ እሱም ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋለች። ያለው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱንም ከእህቱ ከእትዬ ብርቄ ጋር ሆኖ ነው ያሳደገው። ልጁ ጎበዝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ እዚያው ከተማ ያስተምራል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጸጉሩን ከአባቱ በቀር ማንም ቆርጦት አያውቅም።

ታዲያ ይህ ልጅ ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘ። ትምህርት ቤቱ ተቀበለው። የቀረው የኤምባሲው ፈቃድ ነው። እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ሰው "ፕሮሰስ" ሲጀምር ምን ይሆናል? ድምፁ ይቀንሳል። ስልክ ሲደወልለት ወደ ደጅ ይወጣል። እዚህ መጥቶ እንኳን "ጸልዩልኝ፣ ጉዳዩን ጌታ ያውቀዋል" ይላል። እኛም ለምን እንደምንጸልይ ሳናውቅ ዓይናችንን ጨፍነን አሜን እንላለን። ሳቁ፣ ሳቁ። ግማሾቻችሁ አሁንም እንዲህ ያለ ጉዳይ አላችሁ።

እትዬ ብርቄ ልጁን መከረችው። ቪዛው እስኪመታ ትንፍሽ እንዳትል፣ የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም፣ የእገሌ ልጅ የተከለከለው ስላወራ ነው አለችው። ለአባዬስ ቢላት፣ ለእሱማ በጭራሽ፣ ለዘርጋ መንገር በማይክራፎን መናገር ነው አለችው። ክፋት ነበረባት? አልነበረባትም፣ ወገኖቼ። ስለምትወደው ነው።

ልጁ የልደት ሰርተፊኬት ሊያወጣ ቀበሌ ሄደ። የቀበሌው ሠራተኛ ጸጉሩን የሚቆረጠው ማን ጋ ይመስላችኋል? ጋሽ ዘርጋ ጋ ነዋ። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጅህ ለትምህርት ውጭ ሊወጣ ነው አሉ አለው። ጋሽ ዘርጋ መቀሱን ያዝ አደረገና "አዎ፣ ነግሮኛል" አለ። አልነገረውም። ግን አባት ነው፤ የገዛ ልጁን ነገር ከሰው አፍ መስማቱ አሳፈረው።

ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ጠበቀ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያለ ጠበቀ።

ልጁ ለኢንተርቪው ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ጸጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ለሥልጠና ነው የምሄደው አለው። አባትየው አስቀመጠው፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፣ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቶሎ የሚጨርሰውን ያን ቀን አዘገየው። በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ባልደረባው ሸምሱ፣ ዘርጋን እንደዚያ ዝም ብሎ ሲሠራ አይቼው አላውቅም ይላል። ጨረሰና እጁን የልጁ ራስ ላይ አሳረፈ። አላነሳውም።

"ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ?" አለው።

ልጁ በመስታወቱ ውስጥ አየው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር ብሎናል በኋላ። ግን የአክስቱ ምክር ትዝ አለው፤ ደግሞም ቪዛዬን ይዤ መጥቼ በአንዴ ደስ አሰኘዋለሁ ብሎ አሰበ።

"የለም፣ አባዬ" አለው።

አባትየው እጁን አነሳ። ከኮሌታው ላይ ጸጉሩን አራገፈለትና በል በሰላም ግባ ብሎ ሸኘው።

ልጁ በሄደ ማግሥት ጋሽ ዘርጋ ሥራ ላይ እንዳለ ወደቀ። ደም ግፊት ነበረበት። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

አሁን ደግሞ እኛን ስሙን፤ እኔም ያኔ እዚያው አገለግል ስለነበር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተጠርቼ ነበር። ኢንተርቪው ነገ ነው። ለልጁ እንንገረው? እትዬ ብርቄ እያለቀሰች፣ ዓመት ሙሉ የለፋበት ነው፣ ዛሬ ከሰማ ይቀርበታል፣ ወንድሜም ቢሆን ይህን አይፈልግም አለች። ሽማግሌዎቹም ልክ ነሽ አሏት። ማታ ልጁ አባቱ ስልክ ላይ ሲደውል፣ ልቅሶው እንዳይሰማ ጎረቤት ጓዳ ገብታ አነሳችና "ደክሞት ተኝቷል፣ አልቀሰቅሰውም" አለችው።

በነጋታው እኛ ቀብር ላይ ሳለን እሱ ኤምባሲው መስኮት ፊት ቆሞ ነበር። ተምረህ ስትጨርስ ለመመለስህ ምን ዋስትና አለን ብለው ጠየቁት።

"አባቴ አለ" አላቸው። "ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም።"

አመኑት። ፈቀዱለት።

ያደረው ሳሪስ፣ ዘመድ ቤት ነው። ሊነጋጋ ሲል በሩን አንኳኳን። እትዬ ብርቄ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ለምን እንደሆነ የማያውቅ የእኛ አገር ሰው አለ? የለም። ይህ ልጅ ግን በደስታ እንቅልፍ ሳይወስደው ያደረ ነው። ልቡ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከፈተ፣ አየን፣ ሳቀ።

"ማን ነገራችሁ?" አለን። "እኔ እኮ ከአባዬ በፊት ለማንም አልነግርም ብዬ ነበር።"

ወገኖቼ፣ ብዙ መርዶ አርድቻለሁ። የዚያን ቀኑን ግን እኔ አላረዳሁም። እትዬ ብርቄ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ያን ጊዜ ገባው።

ቡታጅራ ደርሶ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ ሸምሱ አጠገቡ መጣ። ይህን ሳልነግርህ ብቀር አላህ ይጠይቀኛል ብሎ ጀመረ። አንተ ከወጣህ በኋላ አባትህ እጁን እያየ እንዲህ አለኝ አለው፦ "እጄ ራሱ ላይ ነበር፣ ሸምሱ። ልመርቀው ፈልጌ ነበር። ያልነገረኝን ጉዳይ ምን ብዬ ልመርቀው?"

ልጁ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ያውቅ ነበር?" አለ።

"ያውቅ ነበር።"

"ለማን ነገረ?"

"ለማንም" አለው ሸምሱ። "ለእኔም እንኳ ያን ቀን ነው የነገረኝ።"

ሆዱ ወሬ አይቋጥርም ያልነው ሰው፣ የልጁን ምሥጢር ቋጥሮ ይዞት ተቀበረ። ልጁ ሄዷል፤ እየተማረ ነው። በርታ እለዋለሁ ሲደውል። እሱ ግን ያን ቀን ወንበሩ ላይ "አዎ፣ አለ" ብለው ኖሮ ይለኛል። ምን ልበለው?

እናንተስ? ቪዛ ይሁን፣ ጋብቻ ይሁን፣ ሕመም ይሁን፣ ያንን ነገር የደበቃችሁት ከማን ነው? ከምቀኛ? ምቀኛማ ሰምቷል! የቀበሌው ሰው ያውቃል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳላችሁ ልጅ ያውቃል። ያልሰማው ማን ነው? ቢሰማ እጁን ራሳችሁ ላይ ጭኖ የሚመርቃችሁ ሰው ነው። ዓይን እንዳይበላችሁ ፈርታችሁ ምርቃታችሁን አስበላችሁ። እናንተስ እትዬ ብርቄዎች፣ እኛስ ሽማግሌዎች፣ ለሰው አዝነን ስንደብቅ ስንቱን ከቀብር አስቀረነው? አባቱን አንድ እፍኝ አፈር አላለበሰውም እኮ።

አባት ያላችሁ፣ እናት ያላችሁ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ምሳ ሳትበሉ ደውሉ። "ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ?" ሲሏችሁ፣ "አለ" በሉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። "ጉዳዩን ጌታ ያውቀዋል" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ያውቀዋል። ጋሽ ዘርጋም ያውቅ ነበር። እጁን አሳርፎ ሲጠብቅ የነበረው ከልጁ አፍ ሊሰማ ነው።

በሉ ተነሡ። ዛሬ ስንጸልይ ጉዳያችሁን በስሙ ጥሩት።