ቢተው ከሲስተር ጋር የተለዋወጠው ቃል

ዋርካ በር በሚባለው ሰፈር፣ ሰው የሚያውቀውን ሲደብቅ የሚጠቀስ አንድ ተረት አለ። የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው፤ ከማን ቤት እንደ ወጣ የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። የወጣው ከጤና ጣቢያው ዘበኛ ከቢተው ቤት ነው።

ቢተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል። ሲስተር ኖራ የምትባል ነርስ ከባሕር ማዶ መጥታ ጤና ጣቢያውን ስትከፍት፣ በሰፈሩ እንግሊዝኛ የሚሞክር እሱ ብቻ ስለነበረ ዘበኛም አስተርጓሚም ሆነ። በሽተኛው «ሆዴን ቆረጠኝ» ሲል ለሲስተር ይነግራል። ሲስተር የምትለውን ደግሞ ለበሽተኛው ይመልሳል። ድሮ «አንተ» ይለው የነበረ ሰው ሁሉ «አቶ ቢተው» ይለው ጀመር።

አንድ ቀን ሲስተር ውል አቀረበችለት። በየቀኑ እሷ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልትሰጠው፣ እሱም አንድ የአማርኛ ቃል ሊሰጣት። ቢተው ደስ አለው፤ ደብተር ገዛ። ቤቱ ሲደርስ ግን ሐሳብ ያዘው። የበሽታውን ቃል ሁሉ ከሰጠኋት በኋላ እኔ ምን እሠራላታለሁ? አለ ለራሱ።

በማግሥቱ ሲስተር «የት ላይ ያምምሻል» እንዴት እንደሚባል ጠየቀችው።

«እሱ ይቆየን ሲስተር፤ ለጀማሪ ይከብዳል» አላትና «መዥገር» የሚል ቃል ሰጣት።

እሱ በበኩሉ ከእሷ ትንንሽ ቃል አይቀበልም። «‹ና› እና ‹ሂድ›ማ የሕፃን ቃል ነው» ይላል። የፈለገው የተማረ ሰው አፍ ላይ የሚሰማውን ነው። «ነቨርዘለስ» የሚለውን፣ «ቢሆንም» ማለት ነው፣ ተቀበለ። ፈረንጅ አንድን ሥራ ቀላል ነው ለማለት «ፒስ ኦፍ ኬክ» እንደሚል ተማረና ገበያ ላይ ሳይቀር ይለው ጀመር።

ሚስቱ አንጓች ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ዛሬስ ምን ሰጠሃት?» አለችው አንድ ቀን።

«ጉንዳን።»

«ምነው አንተ! ሰው ለምታክም ሴት ጉንዳን ምን ያደርግላታል?»

«አንቺ ዝም በይ። ይህ እንጀራዬ ነው።»

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ጧት አንጓችን ምጥ ያዛት። አዋላጇ እማማ ዝማም መጡ። ፀሐይ ከፍ እስክትል ምጡ ሲጠናባት «ሲስተሯን ጥሩልኝ» አሉ። ሲስተር ገባች። ቢተው ተከትሏት ሊገባ ሲል እማማ ዝማም ክንዳቸውን ዘርግተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነህ?»

«ላስተረጉምላችሁ ነዋ።»

«ወንድ ምጥ ቤት? በል ውጣ! ሦስት ወር ሙሉ ስታስተምራት አልነበረም? ራሷ ትናገር።»

ቢተው ከአጥሩ እስከ በሩ ይመላለስ ጀመር። ይቀመጣል፤ ይነሣል። ጋቢውን ያወልቃል፤ መልሶ ይደርባል። ከውስጥ «ማርያም! ማርያም!» ይሰማል። ከዚያ እሱም ቀረ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«ተርን! ተርን ኦቨር!» ስትል ሲስተርን ሰማ።

«ቢተው!» ብለው ተጣሩ እማማ ዝማም። «ምንድን ነው የምትለው?»

ቢተው አያውቀውም። ትንሽ ቃል ነው፤ የሕፃን። ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ገለጠ። ነቨርዘለስ አለ። ፒስ ኦፍ ኬክ አለ። ተርን የለም።

«ኧረ ቢተው! ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ተይዟል! ምን ትላለች?»

«አላውቅም!» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ሲስተር ድንገት «ላም!» ብላ ጮኸች። «ላም! ላም!»

«አበደች እንዴ ሴትዮዋ?» አለች አንዷ ጎረቤት።

ቢተው ቃሉን ማን እንደ ሰጣት ያውቃል። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ቆዩ ቆዩ!» አሉ እማማ ዝማም። «እዩዋት፣ ራሷ በእጅና በጉልበቷ ቆማ እያሳየችን ነው! አንጓችን በጀርባዋ አታስተኟት፤ እንደዚያ አዙሯት! ቶሎ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢተው አላየም። የሰማው የሴቶቹን ትንፋሽ ብቻ ነው። ብዙ ቆይቶ ቀጭን ልቅሶ መጣ። እልልታው ተከተለ።

እማማ ዝማም ሕፃኑን በነጠላ ይዘው ወጡ።

«አንጓችስ?»

«ተርፋለች። ና፣ ልጅህን እየው።»

የሕፃኑ ግራ ክንድ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«ክንዱ ምን ሆኖ ነው?»

«ትከሻው ተይዞ ቆይቶ ነዋ። ቶሎ ብናዞራት ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። ይድን ይሆናል፤ ላይድንም ይችላል።» አተኩረው አዩት። «ለመሆኑ ሦስት ወር ሙሉ ምን ነበር የምታስተምራት?»

ቢተው መሬት መሬቱን አየ።

«መዥገር… ጉንዳን… ላም… እርኩም…»

«‹ዙሪ› የሚል ቃል ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም፣ እማማ። ነፍጌያት ነው።»

እማማ ዝማም አልተቆጡም። ሕፃኑን አስታቀፉት፤ ከዚያም ደጃፉ ላይ ወደ ተሰበሰቡት ሴቶች ዞረው «ስሙ እናንተ» አሉ፤ «ለእንግዳ የነፈጉት ቃል፣ በምጥ ቀን ይታጣል።»