እንቁራሪቶቹ ዝም ያሉበት ምንጭ

ተረት ተረት ስላችሁ አቤት በሉኝ።

በአንድ ጫካ ውስጥ የምንጩ እንቁራሪቶች በድንገት ዝም አሉ። ከምንጩ በላይ ባለው ዛፍ ላይ ደግሞ አንድ ጥንብ አንሳ መጥቶ ተቀመጠ። አውሬዎቹ ፈሩ። ዝንጀሮ በጫካው ውስጥ የማያውቀው ስለሌለ «እስቲ ውሃው ደህና መሆኑን አጣራልን» አሉት።

ዝንጀሮ ወደ ምንጩ አልወረደም። ወዳጆቼን ብጠይቅ ይሻላል ብሎ ድኩላ ዘንድ ሄደ።

«ደህና ነው መሰለኝ» አለች ዓይናፋሯ ድኩላ መሬት መሬት እያየች፤ «ከርከሮ ነግሮኛል።»

ችኩሉ ከርከሮ ቆሞ እንኳ አልመለሰለትም። «ደህና ነው፣ ደህና ነው፤ ቆቅ ነግራኛለች» እያለ አለፈ።

ለፍላፊዋ ቆቅ ሳቀች። «ውይ ጋሼ ዝንጀሮ፣ ትናንት ‹ውሃው ምን ይሆናል፣ ደህና ነው› ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ዝንጀሮ ልቡ ሞላ። የጠየቃቸው ሁሉ አንድ ቃል ተናግረዋል። ቋጥኝ ላይ ወጥቶ «ሁሉም ደህና ነው ብለዋል፤ ውረዱና ጠጡ» ሲል አወጀ።

አውሬዎቹ ተከታትለው ወረዱ። እሱ ቋጥኙ ላይ ሆኖ ጠበቃቸው። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ የተመለሰ ግን የለም።

«ድኩላ» ብሎ ተጣራ። «ከርከሮ። ቆቅ።»

ሣሩ እንኳ አልተነቃነቀም።

ጥንብ አንሳው ቀስ ብሎ ክንፉን ዘረጋ። «እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ፣» አለ ቁልቁል እያየ፣ «እዚህ የተቀመጥኩት ጠምቶኝ አልነበረም።»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዚያ ውሃ አታብሱ።